ጉና ላይ በማርያም የቀጠፍኩት ገብስ

ከጉና ተራራ ከተመለስኩ ወዲህ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ብርዱ እንዴት ነበር?» ይላሉ። ብርዱ ብርድ ነው። ሐዋሳ ተወልዶ ላደገ ሰው ደግሞ ከብርድም ያለፈ ነው። ነገር ግን ስለ ብርዱ ብቻ አውርቼ ባልፈው እዚያ ያደረግሁትን የደበቅኩ ስለሚመስለኝ፣ ጉዞውን ከመነሻው እስከ መመለሻው በየቀኑ አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ። ጉናን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩ ሰዎች ብታነቡት ደስ ይለኛል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ተኝታም ትሄዳለች» ትለኝ ነበር። ሻይ እንኳ የምጠጣው ቆሜ ነው።

የሄድኩበት ጉዳይ ገብስ ነው። ገብስ አበባ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አበባው ትንሽ፣ ቀለም የሌለው፣ ቅርፊት ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ ሦስት ደቃቅ ከረጢቶች አሉ። የወንዴው ዱቄት የሚሠራው እነሱ ውስጥ ነው፤ ዱቄቱ ካልተሠራ ፍሬ የለም። ዱቄቱ እንዲሠራ ደግሞ ከረጢቶቹ ገና ከጤፍ ፍሬ ሳይበልጡ ትንንሽ አርኤንኤ የምንላቸው ነገሮች በውስጣቸው በብዛት መፈጠር አለባቸው ብለን እናስባለን። ትልልቆቹ አርኤንኤዎች በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ ያደርሳሉ። ትንንሾቹ አያደርሱም፤ የትኛው ትእዛዝ ዝም ይበል የሚለውን ነው የሚወስኑት። የሚገኙትም ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቀድሞ የሄደ አያገኛቸውም፣ የዘገየም አያገኛቸውም።

በእጄ አንድ ከጉና የተሰበሰበ የቆየ የገብስ ዘር ነበር። ሐዋሳ ላይ ስዘራው በደንብ ይበቅላል፣ ያዘረዝራል፣ ፍሬ ግን አይቋጥርም። አበባው ከውጭ ዱቄት የሚያመጣለት እንደሚጠብቅ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ጉና ላይ ግን እንደ ማንኛውም ገብስ ያፈራል። ሐዋሳ ላይ የበቀለውን ስመረምር ትንንሾቹ አርኤንኤዎች አልነበሩበትም፤ የእኔ ግምት ሙቀቱ ያጠፋቸዋል የሚል ነበር። ይህን ለማወቅ እዚያው ብርዱ ላይ ከበቀለ ገብስ ከረጢቶቹን አውጥቼ ማየት ነበረብኝ። ችግሩ ሐዋሳ ላይ በዘራሁት ቁጥር ዘሩ እየከሰረ መጥቶ አርባ ፍሬ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አርባውንም በፖስታ አሽጌ ደብረ ታቦር ለሚያስተምረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ለደሳለኝ ላክሁት፤ እሱም ጉና ተዳፋት ላይ ለሚያርሱት አጎቱ ሰጠልኝ። ያቺ አንድ መስመር ገብስ ከጠፋች ዘሩም የለም፣ የአራት ዓመት ሥራዬም የለም።

እሑድ

ከሐዋሳ በሌሊት ተነሥቼ እስከ አዲስ አበባ በሚኒባስ ሄድኩ። እጄ ላይ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ነበር፤ ውስጡ በረዶ የሆኑ የውኃ ጠርሙሶች፣ ትንንሽ ቱቦዎችና የቀጠፍኩትን እንዳይበላሽ የሚያቆይልኝ ፈሳሽ ነበረበት። ከሐዋሳ ሰማያዊ ሳጥን ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዓሣ የጫነ ነው የሚመስለው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዝዋይ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ «ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ?» ብለው ጠየቁኝ። ገብስ ልቀጥፍ እንደምሄድ ስነግራቸው ሳጥኑን ዳግመኛ አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። እራት አቅርባ እስክትጨርስ ድረስ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥራ ነገረችኝ፤ ዘጠኝ ጊዜ ነው።

ሰኞ

ጠዋት በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገባሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ጉዞ ቀጠልኩ። ወረታ ከመድረሳችን በፊት በሁለቱም በኩል ሜዳው ሩዝ ነው። የእኔ ዓይነት ሰው ሩዝ ሲያይ ልቡ ይዘላል፤ የቀን ርዝመትና ሙቀት ሲቀየር ወንዴው የሚመክን ሩዝ እንዳለ ተምረናልና። ሾፌሩን ለአምስት ደቂቃ እንዲያቆም ለመንኩት። «እህቴ፣ ሩዝ ገበያም አለ» ብሎኝ ነዳው።

ከወረታ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ዓለም ሳጋ ጫካ ውስጥ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ አንዱ ቆሎ አወጣ፣ አንዷ ልጇን አጠባች፣ ሁለት ሰዎች ከየት ወገን እንደሆኑ ተጠያይቀው ዝምድና አገኙ። እኛ አገር ቢሆን ሾፌሩን ከብበን ምክር እንሰጠው ነበር። እኔ ሳጥኔን ይዤ ከመኪናው ኋላ እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ መኪናው ተመላለስኩ። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቢያዩኝ ቢያዩኝ ሰለቻቸው መሰለኝ «ልጄ፣ አንቺ ስትመላለሽ ጎማው አይነፋም፤ ነይ ቁጭ በይ» አሉኝ። ቆሎም ዘገኑልኝ። ቆሎውን ቆሜ በላሁ።

ደብረ ታቦር ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ዝናቡ ወርዶ አባርቶ ነበር። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት፣ ቀጭን ፈጣን ሴት፣ ጠርሙሶቼን ጎረቤቷ ካለው ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ራሷ ወስዳ አስገባችልኝ። ማታ መብራት ጠፋ። ጠዋት ጠርሙሶቹ ግማሽ ውኃ ግማሽ በረዶ ሆነው መጡ። ሴትዮዋ የራሷ ጥፋት ይመስል ደጋግማ ይቅርታ ስትጠይቀኝ አፈርኩ፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባልኝ፣ በጀሪካን የፈላ ውኃ ክፍሌ ድረስ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ሐዋሳ ላይ ውኃ አሙቆ የሚታጠበው የታመመ ሰው ነው።

ማክሰኞ

ደሳለኝ በጠዋት መጣ። የማይቸኩል ሰው ነው፤ እንዴት ጓደኛ እንደሆንን አላውቅም። ጋፋትን ላሳይሽ፣ መድፉ የተሠራበትን ቦታ ሳታዪ አትሂጂ አለኝ። በመመለሻዬ አልኩት። ስመለስም አላየሁትም፤ ስለዚህ ስለ ጋፋት የምነግራችሁ የለኝም።

እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ደሳለኝ ለእኔ በቅሎ አዘጋጅቶ ነበር። በቅሎዋ በራሷ ሐሳብ የምትሄድ ስለነበረች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወርጄ ሳጥኑን ብቻ ጫንኩባት። አየሩ ቀጭን ነው፤ ሃያ እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፣ መቆሙ ያናድደኛል፣ እሄዳለሁ፣ እንደገና እቆማለሁ። ዙሪያው ገብስና ድንች ነው። እኛ ዘንድ እንሰት በሚቆምበት ጓሮ ሁሉ እዚህ ድንች አለ። ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ አብዛኛው ገና አላዘረዘረም፣ ዛላው በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ነው። የምፈልገውም ያንን ነበር።

የደሳለኝ አጎት አያ ታከለ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ የእሳቸውንም ድርሻ ይናገራሉ። እግሬን አሳጥበው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው፣ ወተት፣ የገብስ ዳቦ፣ በአይብ የተለወሰ ድንች አቀረቡልኝ። ደሳለኝ ሁለቱንም «አንቱ» ነው የሚላቸው። እኔ እንደ ከተማ ሰው «እርስዎ» ስል እትዬ ጥሩ ፈገግ ይላሉ። «ዓሣ ነው አሉ ሳጥንሽ ውስጥ ያለው?» አሉኝ። ወሬው ከክምር ድንጋይ ቀድሞኝ ወጥቷል።

ተረጋግቼ እንዳልበላ የሚያስቸኩለኝ ገብሱ ነበር። አያ ታከለ ይዘውኝ ወጡ። መስመሬን ከማሳቸው በላይኛው ጠርዝ ላይ ዘርተውታል፤ በዙሪያው ድንጋይ ደርድረው በግ እንዳይደርስበት አጥረውታል። አርባ ፍሬ ሰጥቼ ሠላሳ ሰባት ተክል ቆሟል። ከደስታ የተነሣ እዚያው ተንበረከክሁ። ማስመሪያዬን አውጥቼ የላይኛው ቅጠል ከታችኛው ምን ያህል እንደራቀ ለካሁ፤ ከተዘራበት ቀንም ቆጠርኩ።

«ነገ ነው» አልኳቸው። «ነገ ጠዋት እቀጥፋለሁ፤ ሐሙስ እወርዳለሁ፣ ዓርብ ጠዋት ከባሕር ዳር እበራለሁ።»

አያ ታከለ ጎንበስ ብለው አንዱን አገዳ በሁለት ጣታቸው ዳበሱት። የሌላውንም ዳበሱ። «ገና ነው» አሉ።

«መቼ ይደርሳል?»

«ዓርብ።»

«በእኔ ቁጥር ነገ ነው።»

«ቁጥሩን የት ቆጠርሽው?»

«ሐዋሳ።»

«ሐዋሳ ይሞቃል አሉ» አሉና «ደግሞ ነገ ማርያም ናት» ብለው ጨመሩ።

ይህን ለማታውቁ ላስረዳ። በማርያም ዕለት እዚያ አጥቢያ ውስጥ ማንም ወደ ማሳ ማጭድ ይዞ አይገባም፣ አያርስም፣ አያርምም፣ አንድ አገዳ አይቀነጥስም። ይህ የግል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ቢያፈርስ በረዶ የሚወርደው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በአጥቢያው ሁሉ ላይ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ አንዱ የሌላውን እጅ ይጠብቃል። «እሺ» አልኩ። እሺ ስል ግን በልቤ እሺ አላልኩም። ዓርብ ድረስ ከቆየሁ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ እሳቸው ተሳስተው ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ነው። ትንንሾቹ አርኤንኤዎች ማርያም ናት ብለው አይጠብቁም።

ረቡዕ

ቤቱ ሁሉ በጠዋት ነጭ ለብሶ ለቤተ ክርስቲያን ተነሣ። ራሴን ያመኛል አልኩ። ውሸትም አልነበረም፤ ከፍታው ራስ ያሳምማል። እትዬ ጥሩ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ፤ «ተኚ፤ እሳቱን አትርሺ» ብለውኝ ወጡ።

ቅዳሴው ከሩቅ ይሰማኛል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቤት ውስጥ ከጓዳ እስከ በር ተመላለስኩ። ከዚያ ሳጥኔን አንሥቼ ወጣሁ። ማጭድ አልያዝኩም፤ ማጭድ ካልያዝኩ በዓሉን አላፈረስኩም የሚል ሰበብ ለራሴ ሰጥቼ ነበር። ከስድስት ተክል አንዳንድ አገዳ በእጄ ቀጠፍኩ። የትኞቹ እንደሆኑ እንዳይጠፋኝ ከሥራቸው ቀይ ክር አሰርኩባቸው። እዚያው ድንጋዩ ሥር ተቀምጬ ቅጠሉን በምላጭ ሰነጠቅኩ፤ ያልተወለደውን ዛላ አውጥቼ ስድስቱን በስድስት ቱቦ ፈሳሹ ውስጥ ከተትኩ። ቱቦዎቹን ሳጥኑ ውስጥ ሳስቀምጥ ለሳምንታት ያላገኘሁት እረፍት ተሰማኝ። ወጥቶልኛል ብዬ አሰብኩ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ተመለሱ። እትዬ ጥሩ ከማኅበሩ የደረሳቸውን ዳቦ በነጠላቸው ቋጥረው አምጥተው ነበር፤ «የማርያም ነው፣ ራስ ምታትሽን ይወስደዋል» ብለው ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ቆረሱልኝ። በላሁት። እንዴት እንደዋጥኩት ዛሬም ይገርመኛል።

ዳቦው ሳያልቅ ቤቱ ጨለመ። አያ ታከለ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙና ወደ ጉና ራስ አዩ። ጓዳ ገብተው የእህል እንቅቦቹን አራግፈው ባዶ ማድረግ ጀመሩ። ደሳለኝ ሁለት አነሣ፤ እሳቸው ሦስት ደራርበው ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው እየሮጡ ወጡ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው በዚያ አየር እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። እኔም ልከተል ብነሣ እትዬ ጥሩ ክንዴን ያዙኝ፤ «የበረዶ ደመና ነው፤ ራስሽን ይፈነክትሻል» አሉኝ።

ወረደ። ሐዋሳ በረዶ ሲወርድ ልጆች እየሮጡ ይለቅሙታል፤ ለሁለት ደቂቃ ነው። ይህ ግን ቆርቆሮውን እንደ ድንጋይ ይወግረው ጀመር። እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም። ግቢው ነጭ ሆነ። ለስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ ሰዓቴን አላየሁም።

ጋብ ሲል እትዬ ጥሩ ወንፊት ይዘው ወጡ። ጎንበስ ብለው ከግቢው በረዶ እየዘገኑ ወንፊቱን ሞሉትና ይዘውልኝ መጡ። «ለሳጥንሽ በረዶ ሟሟብኝ ስትዪ አልነበር? እንኪ። ከወረደ አይቀር ለአንቺ እንኳ ይሁን» አሉኝ።

ሳጥኑን ከፍቼ ስድስቱን ቱቦዎች በጋቢው ጫፍ ሸፈንኩና በረዶውን ተቀበልኩ። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በረዶ ከደመና እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ እኔ ቀጠፍኩ አልቀጠፍኩ ያ ደመና ይመጣ ነበር። ይህን እያወቅኩ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

አያ ታከለና ደሳለኝ ረጥበው ተመለሱ። የአያ ታከለ ጆሮ ይደማ ነበር። «መስመርሽ ደኅና ነው» አሉኝ። «እንቅቦቹን ደፋንበት።»

«የእርስዎስ ማሳ?»

«የእኔማ የእግዜር ነው» አሉ። «ያንቺ አደራ ነው።»

ሐሙስ

ጠዋት ማሳውን አየሁት። በረዶው እንደ መንገድ ቀጥ ብሎ ነው ያለፈው፤ ከታች ካለው ወንዝ ማዶ ያለው ገብስ ቆሟል፣ ከወዲህ ያለው ግን ተኝቷል። የአያ ታከለ ማሳ ከግማሽ በላይ ተሰባብሯል። አንዳንዱ ከጎኑ ያቆጠቁጣል አሉ፤ የተረፈው ለከብት ይሆናል። ከላይኛው ጠርዝ ላይ አምስት እንቅቦች ድንጋይ ተጭኗቸው ተደፍተዋል። በዚያ ሁሉ የተኛ ገብስ መሐል የቆመው የእኔ ብቻ ነበር።

ደሳለኝ ቸኩሎ መጣ፤ እሱ ሲቸኩል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቧል አለኝ። በማርያም እጁን ያነሣ ማነው እየተባለ ነው። የሻረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ለጥጃዋ አንድ እቅፍ ሣር ስታጭድ ታይታለች፤ ሁሉም እሷ ላይ ዞረዋል።

ትኬቴ ለዓርብ ጠዋት ነበር። በዚያው ሰዓት መንገድ ብጀምር በደንብ እደርስ ነበር። ይህን የምጽፈው አላሰብኩትም እንዳትሉ ነው፤ አስቤዋለሁ። ሳጥኔን እስከ በቅሎዋ ድረስ ወስጄዋለሁ።

ከዚያ ተመልሼ አያ ታከለን ፈለግኋቸው። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆመው ነበር። «አያ ታከለ፣ ትናንት እናንተ ቤተ ክርስቲያን ሳላችሁ ቀጥፌያለሁ» አልኳቸው። «ስድስት።»

ዘወር ብለው አላዩኝም። «አውቃለሁ» አሉ። «እንቅቡን ስደፋ ክሩን አየሁት።»

«አይተውም ደፉበት?»

«አደራ ነው አልኩሽ እኮ» አሉ። ከዚያ «እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅኩት» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

ሰባ ያህል ሰው ነበር። የሻረግ በአንድ በኩል ብቻዋን ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባለች። አያ ታከለ «እንግዳዬ የምትለው አላት» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ተናገርኩ። ለምን እንደቀጠፍኩም ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ከረጢቶቹ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚታዩት ደቃቅ ነገሮች። አንድ ሰው ከኋላ «ለዚች ለደቃቋ ነገር ነው?» አለ። አዎ፣ ለዚች ነው። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

የአጥቢያው ቄስ፣ በጣም ያረጁ ሰው፣ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። «የቀጠፍሽው ደርሶ ነበር?» አሉኝ።

«በእኔ ቁጥር ደርሷል፣ አባ።»

«ታከለስ ምን አለሽ?»

«ዓርብ አሉኝ።»

«እንግዲያ ቅጣትሽ ይኸው ነው» አሉ። «ታከለ እስኪልሽ ድረስ ቁጭ በይ። እጅሽን አታንሺ፣ አትውረጂ፣ አትመላለሺ። የሻረግንም ሄደሽ ካሺ።»

ሰው ሁሉ ተበተነ። ሄጄ የሻረግ እግር ላይ ጎንበስ ስል አነሣችኝ፤ ፊቷ ግን አልፈታም። «ሣሩን አጭጃለሁ» አለችኝ በዝግታ። «አንቺ ባትመጪ እኔው ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።» ይህን ቃሏን እስካሁን ማራቅ አልቻልኩም።

ቀኑን ሙሉ እትዬ ጥሩ ደጅ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ ጠዋት ያለ እኔ እንደሚሄድ እያወቅኩ ተቀመጥኩ። እግሬ በራሱ ይነሣል፤ እትዬ ጥሩ ከውስጥ «ቅጣትሽን» ይሉኛል፤ እቀመጣለሁ። ድንች ላጥኩ። እጅሽን አታንሺ የተባልኩት ለገብስ እንጂ ለድንች አይደለም ብለው የፈረዱት እሳቸው ናቸው።

ዓርብ

ጀንበር ስትወጣ አያ ታከለ ከማሳው ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። «ተነሺ» አሉኝ። «አሁን ነው።»

እንቅቦቹን አነሡልኝ። አገዳውን በጣቶቼ እንድዳብስ አደረጉኝ፤ «እዚህ ጋ፤ ያበጠው ይሰማሻል? ማክሰኞ ይህ አልነበረም» አሉኝ። ተሰማኝ። ማስመሪያዬን አላወጣሁም። አሥራ ሁለት አገዳ ቀጠፍኩ፤ ሲበቃኝ ቀና ብዬ አየኋቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቱቦዎቹ ላይ «ዓርብ» ብዬ ጻፍኩ። ስድስቱ ላይ «ረቡዕ» ተብሎ ተጽፏል።

እትዬ ጥሩ በገለባ ሸፍነው ያቆዩትን በረዶ አወጡ። ብዙው ሟሙቷል፤ የተረፈው ሳጥኑን እስከ ግማሽ ሞላው። በላዩ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አደረጉልኝ። «ለእናትሽ ነው» አሉ። እናቴን በወሬ ብቻ ነው የሚያውቋት።

ቅዳሜና እሑድ

ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአውቶቡስ ነው የተመለስኩት። ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጫዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አውልቄ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አላወለቅኩትም። ግን አባይ በረሃ ላይ ለአንድ ሰዓት ስንቆም አልወረድኩም። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ዓሣ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ውጤቱ ከብዙ ሳምንት በኋላ ደረሰ። የዓርቦቹ አሥራ ሁለት ቱቦዎች በትንንሾቹ አርኤንኤዎች የተሞሉ ነበሩ። የረቡዕ ስድስቱ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ልክ እንደ ሐዋሳው ገብስ ባዶ ናቸው። ገና ነበሩ። ብርዱ ላይ ገብስ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ የእኔ ቁጥር የሐዋሳ ቁጥር ነበር። ያን ስድስት ቱቦ ብቻ ይዤ ሐሙስ ወርጄ ቢሆን ኖሮ፣ ትንንሾቹ አርኤንኤዎች በሚያፈራውም ገብስ ውስጥ የሉም፣ ለፍሬው አያስፈልጉም ብዬ እጽፍ ነበር። ስሜን ፈርሜ ነበር ውሸቱን የምጽፈው።

በታኅሣሥ ደሳለኝ ወደ ሐዋሳ በሚመጣ ሰው አንድ ቋጠሮ ላከልኝ። ውስጡ ከመስመሬ የተሰበሰበ ገብስ ነበር፤ ሁለት እፍኝ ይሆናል። አርባ ፍሬ ነበር የሰጠሁት። ከላዩ የደሳለኝ ወረቀት አለ። አያ ታከለ ያሉትን ነው የጻፈልኝ፤ «አደራሽ አፍርቷል። የእኛም ከፊሉ ተነሥቷል፣ የሻረግም ደኅና ናት። እነዚህን ለብቻ ያስቀመጥኩት አንቺ ታውቂያቸዋለሽና ነው።»

ከቋጠሮው ሥር በወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት ዛላዎች ከነአገዳቸው ነበሩ፤ ቀይ ክሬ እንደታሰረባቸው ነው። የቀጠፍኳቸው ተክሎች ከጎናቸው አቆጥቁጠው አፍርተዋል። ወንበር ስቤ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ቁጭ ብዬ ነው የቆጠርኳቸው።